በወታደራዊ አገዛዝ ዘመን የነበረውን የሕዝብ ተስፋና ሥጋት ጠይቆ ለፖሊሲ ማብቃት፦ ለሰሜን ሸዋ አጥኚዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ደርግ ሲቋቋም ሃያ ዓመት የሞላው የመንዝ ወይም የቡልጋ ወጣት ዛሬ ሰባ ዓመትን አልፏል። በዚያ አገዛዝ ሥር ማረስ፣ ማግባት፣ ልጅ ማሳደግና ግብር መክፈል ምን ይመስል እንደነበር ከባለቤቱ አንደበት መስማት የሚሻ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የዞን ወይም የወረዳ ባለሙያ፣ ወይም የሲቪክ ድርጅት ሠራተኛ ሥራውን የሚያሳድርበት ጊዜ የለውም። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ዓላማውም የሰሜን ሸዋ ሕዝብ በአሥራ ሰባቱ ዓመታት ምን ተስፋ እንዳደረገና ምን እንደ ሠጋ ከመጠየቅ አንሥቶ፣ የተገኘውን ቃል የመሬት፣ የገበያ ወይም የጸጥታ ሕግ ለሚያረቅ ሰው በሚጠቅም መልክ እስከ መጻፍ ያለውን መንገድ ማሳየት ነው።

በዚህ ርእስ ዙሪያ የሚቀርቡ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች «ኅብረተሰቡ ለውጡን በተስፋ ተቀበለ፤ ከጊዜ በኋላ ግን ሥጋት አደረበት» በሚል ድምዳሜ ያበቃሉ። ዐረፍተ ነገሩ ሐሰት የለበትም፤ ነገር ግን አንድ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ አንብቦት በማግስቱ የሚሠራው አንዳች ነገር አያገኝበትም። መፍትሔው፣ በእኔ እምነት፣ ሰው ምን ተሰማው ከማለት ይልቅ ምን አደረገ ብሎ መጠየቅ ነው። እህሉን የት አኖረ? ልጁን ለምን ከወትሮው ቀድሞ ዳረ? ወይፈኑን ለምን ሸጠ? ባሕር ዛፍ ተከለ ወይስ የተከለውን ቆረጠ? ስሜቱን የረሳ ወይም የደበቀ ሰው እንኳ ያደረገውን አይረሳም፤ የሚቀጥለው ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

ከመነሣትዎ በፊት

በመጀመሪያ ሕጎቹን ያንብቡ። የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጭሰኝነትን አስቀርቷል፣ መሬት መሸጥን፣ መለወጥንና ማከራየትን ከልክሏል፣ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር፣ በቀድሞው ልክ ከሩብ ጋሻ፣ እንዳይበልጥ ወስኗል። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47/1967 በዚያው ዓመት በሐምሌ ተከተለ። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ቁጥር 236/1975 ደግሞ ከስምንት ዓመት በኋላ መጣ። የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. የታወጀውን የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲም አይዝለሉት፤ ወደ እርሱ እመለስበታለሁ። ባለታሪኮችዎ የአዋጅ ቁጥር አይነግሩዎትም፤ ከእነርሱም አይጠበቅም። እርስዎ ግን የትኛው ትእዛዝ በየትኛው ዓመት እንደ ወጣ ካላወቁ፣ ሽማግሌው የሚነግሩዎት በደል ከሕጉ የመነጨ ይሁን ሕጉን ካስፈጸመው የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ጠባይ፣ መለየት አይችሉም። ይህ ልዩነት ደግሞ ለፖሊሲ ጸሐፊ ትልቅ ነው፤ የመጀመሪያው ሕጉን መለወጥን፣ ሁለተኛው ሕጉን የሚያስፈጽመውን አካል መቆጣጠርን ይጠይቃልና።

በቀድሞዎቹ ሰነዶች ላይ «ሰሜን ሸዋ ዞን» የሚል ስም አያገኙም። በሸዋ ክፍለ ሀገር ሥር ተጉለትና ቡልጋ፣ መንዝና ግሼ፣ ይፋትና ጥሙጋ፣ መርሐቤቴ የሚባሉ አውራጃዎች ነበሩ፤ የዛሬዎቹ ወረዳዎች ወሰን ከነዚህ ጋር በየቦታው አይገጥምም። ስለዚህ ከማንኛውም ሰነድ ላይ ቁጥር ከመገልበጥዎ በፊት ስለ የትኛው ወሰን እንደሚናገር ያጣሩ።

የሚጠይቁበትን ስፍራ ሲመርጡ የአስተዳደር ካርታ አይምራዎት። የሚበጀው መመዘኛ የመሬት ሥሪትና የሰብል ዓይነት ነው። ርስት ጸንቶ በኖረበት በመንዝ ደጋ፣ «መሬት ለአራሹ» የሚለው መፈክር ለብዙው ገበሬ ያልነበረውን መሬት የሚሰጠው አልነበረም። እንዲያውም በአባቱ ወይም በእናቱ ሐረግ ተቆጥሮ አንድ ቀን ተሟግቶ ያገኘው የነበረውን ድርሻ ተስፋ ዘጋበት። በለውጡ መባቻ መስፍን ብሩና መርዕድ ብሩ በመንዝ ሲሸፍቱ የተከተላቸው ሰው የተገኘበትን ምክንያት ለመረዳት የሚሞክር አጥኚም ይህን መዘንጋት የለበትም። በአንጻሩ የሰው መሬት በሲሶና በእኩል ያርስ ለነበረ ጭሰኛ ያው አዋጅ እፎይታ ነበር። በጤፍ በሚታወቁት በምንጃርና በሞረትና ጅሩ ደግሞ የሰው ትዝታ ከመሬቱ ይልቅ ገበሬው ለመንግሥት እንዲያስረክብ ወደ ተጣለበት የእህል ኮታ ሊያዘነብል ይችላል። እንግዲህ ከደጋ አንድ፣ ትርፍ አምራች ከሆነው ወይናደጋ አንድ፣ ከይፋት ቆላ አንድ፣ ከከተማ ደግሞ ደብረ ብርሃንን ወይም ደብረ ሲናን መያዝ ዝቅተኛው ስብጥር ነው።

ማንንና መቼ

ተስፋቸውን ያጡትንም ያገኙትንም ይፈልጉ፤ የቀድሞ ጭሰኛ፣ የቀድሞ ባለርስት፣ የገበሬ ማኅበር አመራር የነበረ፣ በውትድርና ሄዶ የተመለሰ፣ ሄዶ ያልተመለሰ ልጅ እናት፣ እህል ነጋዴ፣ ካህን፣ በቆላው በኩል ሼህ፣ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን አጥኚዎች ብዙ ጊዜ ይዘሏቸዋል። ከዚያ በፊት በሙያቸው ተንቀው መሬት የተነፈጉ ሰዎች ከገበሬ ማኅበሩ መሬት ሲደርሳቸው የተሰማቸው ተስፋ ከማንም ተስፋ የሚለይ ነውና፣ እነርሱን ያልጠየቀ ጥናት ግማሹን ታሪክ አላገኘም።

በመኸር ወቅት፣ አውድማ በሚወቃበትና ገበያ በሚቆምበት ቀን አይሂዱ። በደጋው ሞፈር የማይነሣባቸው የሚካኤል፣ የማርያምና የባለወልድ ቀኖች፣ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ፣ ከሁሉም ይመቻሉ፤ በይፋት በኩል ከጁምዓ ሶላት በኋላ ያለው ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ቡና ከተፈላ ሦስተኛው ሳይጠጣ ማስታወሻ ደብተር አያውጡ። «እርስዎ» እያሉ፣ «አባባ»፣ «እማማ»፣ «ጋሼ» እያሉ ይናገሩ፤ ማዕረግ ያላቸውን በማዕረጋቸው ይጥሩ። ባልና ሚስትን ለየብቻ ያነጋግሩ፤ ለምን እንደሆነ ከዚህ በታች ይታያል።

ጥያቄው እንዴት ይጠየቅ

«ከወታደራዊው መንግሥት ምን ተስፋ ነበረዎት?» ብለው ቢጠይቁ የሚያገኙት መልስ «ምን ተስፋ አለ ልጄ፤ እንደ ጊዜው ኖርን» የሚል ይሆናል። ጥያቄው ከቢሮ የመጣ ስለሆነ መልሱም ለቢሮ የሚሰጥ ነው። በዚህ አገር ለሚያስተዳድር ሁሉ እጅ ነሥቶ ማለፍን ትውልድ ለትውልድ ያወረሰ ሰው፣ ለማያውቀው ጠያቂ አስተያየቱን ቀድሞ አይሰጥም።

ስለዚህ በዕቃ ይጀምሩ። ጎተራውን፣ ሞፈሩን፣ ጣሪያውን፣ በሬውን ይጠይቁ። ጭውውቱ ለምሳሌ እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

«አባባ፣ ኮታ በተጣለበት ዓመት ጤፉን የት ነበር የሚያኖሩት?»

«የቱን? የሚታየውን ነው የማይታየውን?»

«ሁለቱንም ቢነግሩኝ።»

«የሚታየው ጎተራ ነበር። የማይታየውን እኔም በቅጡ አላውቀው፤ እሷን ጠይቃት።»

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። በእነዚህ አራት መስመሮች ውስጥ ሥጋቱ አለ፤ ትርፍ እህል መታየቱ አደጋ ነበር። ተስፋውም አለ፤ የተደበቀው እህል የመጪው ዓመት ዘርና የልጆች ቀለብ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባል ቢጠየቅ በእውነት «አላውቅም» እንዲል ምስጢሩ በሚስት እጅ እንዲቀመጥ ቤተሰቡ መወሰኑ አለ። አሁን ወደ እማማ ይሂዱና ጉድጓዱ ከየት በኩል እንደነበር፣ አፉ በምን እንደሚለሰን፣ ስንት ቁና እንደሚይዝ፣ በየስንት ጊዜው እንደሚከፈት፣ ማን እንደሚያወጣ ይጠይቁ። መልሱን እንደ ተነገረ ይጻፉ፤ ቃሉን ወደ ቢሮ አማርኛ አይለውጡት።

ስለ ኮታው አስቀድመው ማወቅ ያለብዎት፣ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተወሰነ ዋጋ የሚረከበው እህል በየገበሬ ማኅበሩ ይደለደል እንደነበርና፣ ምርቱ ያልበቃው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ እስከ ማስረከብ ይደርስ እንደነበር ነው። ይህን የሚያውቅ ጠያቂ «ኮታ ሞልቶልዎት ነበር?» ብሎ ብቻ አያልፍም፤ «ያልሞላ ጊዜ ከየት አመጡት?» ብሎ ይቀጥላል። በሬ የተሸጠው፣ ብድር የተገባው ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይገኛል።

ዘመኑን በቁጥር ሳይሆን በሁነት ያስለዩ። «ዘማቾቹ የመጡ ጊዜ» ሲባል የእድገት በኅብረት ተማሪዎች በ1967 ዓ.ም. ነው። «ሚሊሺያው ታጠቅ የገባ ጊዜ» 1969 ዓ.ም.፣ «መሠረተ ትምህርት የተጀመረ ጊዜ» 1971 ዓ.ም.፣ «ሰባ ሰባት» ደግሞ ያው የድርቁ ዓመት ነው። ይህ ጥንቃቄ አንድ ሌላ ጥቅም አለው። ዛሬ ኑሮ የከበደው ሰው ያለፈውን ሁሉ አሳምሮ፣ ዛሬ የደላው ደግሞ አክፍቶ ሊያወራ ይችላል፤ በሁነት የተቸነከረ ትዝታ ግን በቀላሉ ወዲያና ወዲህ አይልም።

ሁለት ጊዜያትን ጎን ለጎን አድርጎ መጠየቅ እጅግ ይጠቅማል። ስለ ውትድርና ሲጠይቁ የ1969ኙን የእናት ሀገር ጥሪና ከ1975 በኋላ የመጣውን ብሔራዊ ውትድርና ለየብቻ ያንሡ። በመጀመሪያው ጊዜ ቤተሰቡ ልጁን እንዴት ሸኘ፣ በሁለተኛው ጊዜ እንዴት ደበቀ? በአንድ መንደር፣ ምናልባትም በአንድ ቤት ውስጥ፣ ታላቁ በቀረርቶ ተሸኝቶ ታናሹ ሌሊት በማሳ ያደረበት ታሪክ ካገኙ፣ ሰው ሸክሙን ሁሉ በእኩል እንደማይጠላው የሚያሳይ ጥሩ ማስረጃ ይዘዋል ማለት ነው። ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ ከዚያ ይመርምሩ፤ ጠላቱ ማን እንደሆነ መታወቁ፣ የጦርነቱ መራዘም፣ የምልመላው ዝርዝር በማን እጅ እንደ ተጻፈ፣ የሞተ ሰው መርዶ በወግ መድረሱ ወይም አለመድረሱ። ብዙ ቦታ ላይ ሥጋቱ የሚጠነክረው በወታደሩ ላይ ሳይሆን ስሙን ባስመዘገበው ጎረቤት ላይ ነው፤ ይህን ግን ማንም በመጀመሪያው ቀን አይነግርዎትም።

ከሁሉም የበለጠ አስተማማኝ ሆኖ የማየው ጥያቄ «በ82 የካቲት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲባል መጀመሪያ ምን አደረጉ?» የሚለው ነው። አዋጁ ገበሬው ከአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር የመውጣትና እህሉን በነጻ የመሸጥ መብት ሲሰጠው፣ ማኅበራቱ በአጭር ጊዜ ተበተኑ፤ በመንደር ምሥረታ የተሰበሰቡ ብዙ ቤተሰቦችም ቤታቸውን እያፈረሱ ወደ ቀድሞ ቀያቸው ተመለሱ። ሥጋቱ ላላ ባለ ሳምንት ሰው የሠራው ሥራ የልቡን ተስፋ ያለ ማጋነን ይናገራል። ቀድሞ የተመለሰው ማን ነው? ያልተመለሰውስ ለምን ቀረ? ትምህርት ቤቱ ወይም የውኃው ቧንቧ ስለ ቀረበለት በአዲሱ መንደር የቀረ ቤተሰብ ካለ፣ ፖሊሲው በጅምላ የተጠላ ሳይሆን አንድ ክፍሉ የተፈለገ እንደነበር ይረዳሉ፤ ለሕግ አርቃቂም ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም።

በከተማ ጥያቄው መልኩን ይለውጣል። ትርፍ ቤት የተወረሰበት ሰውና ኪራዩ የቀነሰለት ተከራይ እስከ ዛሬ በቀበሌ ቤት አጥር ሊዋሰኑ ይችላሉ። የ1969ኙንና የ1970ውን ቀይ ሽብር በተመለከተ ግን ባለሙያ ሳያማክሩ ቀጥታ ጥያቄ አያቅርቡ፤ ሰውየው ራሱ ካነሣው ያዳምጡ፣ ካላነሣው ይለፉት። «ዝም አይነቅዝም» በሚባልበት አገር ዝምታም በማስታወሻ ላይ የሚሰፍር መልስ ነው፤ በየትኛው ጥያቄ ላይ ዝም እንደ ተባለ፣ ማን ሲገባ ወሬው እንደ ተለወጠ ይመዝግቡ።

ደኅንነት

ይህን ሥራ ዛሬ የሚሠራ ሰው ጸጥ ባለ አገር ላይ አይደለም ያለው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት ለስድስት ወራት የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለተጨማሪ አራት ወራት ተራዝሞ ነበር፤ የግጭቱ ጦስም ከአዋጁ ጋር አላበቃም። በመሆኑም ያለፈውን እየጠየቁ ስለ ዛሬው አያጣቅሱ። ሽማግሌው ራሳቸው «ያኔም እንዲህ ነበር» ብለው ወደ ዛሬ ቢሻገሩ፣ እስክሪብቶዎን ያስቀምጡ፤ የተናገሩትን በአክብሮት ሰምተው ወደ ቀድሞው ይመልሷቸው። ስም፣ የጎጥ ስምና የቤተሰብ ዝምድና በአንድ ደብተር ላይ አብረው አይጻፉ። በስልክ ድምፅ ከመቅዳት በእጅ መጻፍ ይመረጣል፤ ኬላ ላይ የሚፈተሽ ስልክ ያለ ፈቃዳቸው ብዙ ሰዎችን ሊያጋልጥ ይችላል። መንገዱ ከተዘጋ ወይም አስተዳደሩ ከከለከለ ሥራውን ማቋረጥ ግዴታ ነው፤ ማንኛውም ጥናት የአንድ አረጋዊ ሌሊት እንቅልፍ አያህልም።

ከማስታወሻ ወደ ፖሊሲ

ሲመለሱ ተስፋዎችን በአንድ ዝርዝር፣ ሥጋቶችን በሌላ ዝርዝር አይጻፉ። ሁለቱ በአንድ ሰው ልብ፣ በአንድ ነገር ላይ ያደሩ ናቸውና ሲለያዩ ትርጉማቸው ይጠፋል። መሬት ያገኘው ጭሰኛ ያንኑ መሬት የሰጠው እጅ መልሶ እንዳይወስድበት ሲሠጋ ኖሯል። ስለዚህ በአንድ ገጽ ላይ አንድ ድርጊት ብቻ ይያዙ፤ ከሥሩ ድርጊቱ የሚያሳየውን ተስፋና ሥጋት፣ ሥጋቱ በምን አሠራር በኩል ይደርስበት እንደነበር፣ ያ አሠራር ዛሬ በሌላ ስም መኖሩን ወይም አለመኖሩን፣ ካለም በየትኛው አካል ሥልጣን ሥር እንደሆነ ይጻፉ። አሠራሩ ሊገለጽ ካልቻለ ማስታወሻው ገና አልበሰለም፤ ወደ መንደሩ ተመልሰው ይጠይቁ።

የመሬቱን ጉዳይ ለአብነት ልውሰድ። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ፣ በቀድሞው ሥርዓት በገበሬ ማኅበር አመራር ውስጥ የነበሩ ሰዎች «ቢሮክራት» ተብለው ከሌላው ገበሬ ያነሰ ይዞታ፣ እስከ አንድ ሄክታር ብቻ፣ እንዲኖራቸው ተደርጓል። ከእነርሱ መካከል ወድዶ የተመረጠም፣ ተገድዶ የተመረጠም፣ ሕዝቡን ከኮታ ለማዳን ቦታውን የያዘም ይኖራል። ይህን ከወታደራዊው ዘመን ትዝታ ጋር ሲያገናኙት አንድ ግልጽ ሐሳብ ይወጣል። ገበሬው የተማረው፣ የአንድ መንግሥት ሹመት በቀጣዩ መንግሥት ዘንድ ወንጀል ሊሆን እንደሚችልና ቅጣቱም በመሬቱ ላይ እንደሚመጣ ነው። ከዚህ የሚከተለው ምክር የይዞታ ደብተር መስጠት ብቻውን በቂ አለመሆኑ ነው፤ ማንኛውም ሕግ ይዞታን ለፖለቲካ ቅጣት መጠቀምን በግልጽ ሊከለክል፣ በሥልጣን የበደለ ሰው ቢኖርም በግሉ፣ በማስረጃና በፍርድ ቤት እንጂ በመደብ እንዳይጠየቅ ሊደነግግ ይገባል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 ለአርሶ አደሩ ከመሬቱ ያለ መነቀል ጥበቃ ይሰጣል፤ የእርስዎ ሥራ ይህ ጥበቃ የትኛው የአፈጻጸም ደረጃ ላይ እንደሚላላ ከሰዎቹ ታሪክ ማሳየት ነው።

የእህሉ ጉዳይ አጠር ይላል። በዚያ ዘመን ሰው እህሉን የቀበረው ዋጋው በሌላ ሰው ስለ ተቆረጠና በኬላ ስለ ታገደ ነበር፤ ስለዚህ በግጭት ጊዜም ቢሆን የእህል ዝውውርን የሚገድብ መመሪያ ሲወጣ ምክንያቱ፣ ቆይታውና ይግባኝ የሚባልበት ቦታ አብሮ እንዲወጣ ይመክሩ። ስለ ምልመላ የሚሰጡት ምክር ደግሞ ዝርዝሩን ማን እንደሚያዘጋጅ፣ አገልግሎቱ ስንት ጊዜ እንደሚቆይና ቤተሰብ የልጁን ወሬ ከየት እንደሚጠይቅ በጽሑፍ እንዲታወቅ ማድረግ ላይ ያተኩር። ስለ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚጽፉ ከሆነ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 የማይታገዱ መብቶችን እንደሚዘረዝርና ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 ከእነርሱ አንዱ መሆኑን ይጥቀሱ፤ የቀድሞው ዘመን ትዝታ የዚህን ድንጋጌ አስፈላጊነት ከማንኛውም ትንታኔ በላይ ያስረዳል።

ምክረ ሐሳቡ ከአራት ገጽ አይብለጥ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሦስት ድርጊቶች፣ በሰዎቹ ቃል፣ ያለ ስም ይቅረቡ፤ ንድፈ ሐሳቡና የቃላት ፍቺው ለዩኒቨርሲቲው ቅጂ ይቆይ። «ሕዝቡ ይፈልጋል» የሚል ሐረግ አይጠቀሙ፤ «በመንዝ ደጋ ከተጠየቁት የቀድሞ ባለርስቶች አብዛኞቹ» ማለት ይሻላል፤ የተጠየቁትን ቁጥርም አብሮ ማስቀመጥ ይገባል። በመንዝና በምንጃር የተገኘው መልስ ከተጋጨ አያስታርቁት፤ ሁለት ምክር ይጻፉ፤ ለሁለት ዓይነት ገበሬ አንድ መመሪያ ማውጣት ያመጣውን መዘዝ ራሱ የ1967ቱ አዋጅ አሳይቷልና።

ጽሑፉን ለዞኑ ወይም ለክልሉ ከማስገባትዎ በፊት ወደየመንደሩ ይመለሱና፣ በሰንበቴ ወይም በዕድር ቀን ሳይሆን ለየብቻቸው፣ ለተናገሩት ሰዎች የየራሳቸውን ክፍል ያንብቡላቸው። «ይህ ይውጣ» ያሉትን ያለ ክርክር ያውጡ፤ «እንዲህ አላልኩም» ያሉትን ያርሙ። ከመካከላቸው «ይህንንስ ለምን አልጻፍከውም?» የሚል ካለ፣ ማስታወሻ ደብተሩን እንደገና ይክፈቱ።